«ገባች» ብዬ ጻፍኩ

የእኔ ሥራ ሰው መቁጠር ነው። በበረሃው ጥብቅ ስፍራ መግቢያ ላይ አንዲት መስኮት አለች፤ ከመስኮቷ በስተኋላ እኔ አለሁ፤ ከፊቴ ትልቅ መዝገብ አለ። ወደ ዘንባባዎቹ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ ስሙን፣ የሚሄድበትን መንገድና የወጣበትን ሰዓት ያስመዘግባል። ሲመለስ በመጨረሻው ዓምድ «ገባ» ወይም «ገባች» ብዬ እጽፍና ራሱ ይፈርማል። ካልፈረመ አልገባም። ካልገባ ይፈለጋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የሚያመራምር ነገር የለውም።

ሰዎች ግን ይቀልዱብኛል። «እስር ቤት ነው እንዴ?» የሚል በቀን አንድ አይጠፋም። እኔም ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝና «እስር ቤት ቢሆንማ ግድግዳ ይኖረው ነበር» እላለሁ። እውነቴን ነው። እዚህ ያለው አሸዋና የተሰነጠቀ ኮረብታ ነው። ከስንጥቁ ሥር ውሃ ይወጣል፤ ውሃው በወጣበት ሁሉ ዘንባባ ተሰብስቦ በቅሏል፤ የቀረው ባዶ ሜዳ ነው። ለዓይን ያምራል፤ አልክድም። በሞቃታማዎቹ ወራት ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ማንም መንገድ ላይ እንዲገኝ አይፈቀድም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አስከሬን ከዚያ ሲወጣ አይቻለሁ። ሁለተኛው ሰውዬ በእጁ የያዘው ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው።

አራት ሰዓት ሲሞላ ፊሽካው ይመጣል። ሌላ ስም አለው፤ ግን ከጠባቂዎቹ ሁሉ እሱ ብቻ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለሚዞር እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ያልገቡትን ሰዎች ከመዝገቡ አውጥቼ በቁራጭ ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ እሱ ፊሽካውን እየነፋ ሄዶ ይሰበስባቸዋል። በወረቀቱ ላይ ማንም ከሌለ መንገዱን በሰንሰለት ቆልፎ ይመለሳል። በዚያ ሙቀት ለሌለ ሰው ብለህ ተጓዝ ማለት ግፍ ነው።

እናቴ አንድ ሳምንት ልትሰነብት እኔ ጋ መጥታ ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ደም ግፊት አለባት፤ ያለ መነጽር የሰው ፊት አትለይም፤ ከእነዚህ ሁለቱ በቀር ጤነኛ ነኝ ትላለች። «ልጄ ስንት ዓመት የምትጨቀጭቀኝን በረሃ አንድ ቀን እንኳ ልየው» ብላ ያዘችኝ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ጮኸብኝ። «እማዬን? በዚህ ሙቀት? አብደሻል?» አለኝ። እኔም «እዚህ ስለ ሙቀት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ዘጋሁበት።

በማለዳ በሠራተኛ መኪና አብረን መጣን። አጭሩን መንገድ ትሂድ አልኩ፤ እስከ መጀመሪያው የዘንባባ ጫካ፣ አግዳሚ ወንበርና ምንጭ ወዳለበት። ሕፃን ልጅ ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ነው። መዝገቡን ከፍቼ በስም ዓምድ ላይ «እማዬ» ብዬ ጻፍኩ።

«ስሜ እማዬ ነው?» አለችኝ ባንዲራ የሚያህል መሐረብ ራሷ ላይ እያሰረች።

«ለእኔ ሌላ ስም የለሽም።»

ሳቀች። የወጣችበት ሰዓት ሁለት ከአሥር። ከዚያ ለሁሉም ሰው እንደ መዝሙር የምደጋግመውን ነገርኳት፦ «ከጠፋሽ አትንቀሳቀሺ። ጥላ ፈልገሽ ተቀመጪ። መዝገብ ላይ ስላለሽ እኛ እንመጣልሻለን።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ‹መስመሩ ላይ ይቆዩ› ስል የኖርኩትን ሴትዮ መጠበቅ ታስተምሪኛለሽ?» አለችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መስኮቴ ላይ ፈሰሰ። ግማሹ የሚመለስ፣ ግማሹ ሽንት ቤት የሚጠይቅ። አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ ካልገባሁ ብሎ ክርክር ገጥሞኛል። በአንድ ጆሮዬ ደግሞ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ የውሃ ቦቴው ለምን እንደቀረ እጠይቃለሁ። ከበስተኋላዬ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አለች፤ በጎን በኩል የራሷ በር አላት። ለእማዬ አልጋውን አንጥፌ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ ቬንትሌተሩን ከፍቼ አዘጋጅቼላት ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ቦርሳ ወንበር ላይ ዱብ ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎም የእናቴ ድምፅ።

«መጣሁ!»

«እሺ እማዬ፣ አረፍ በይ» አልኩ፤ ዞር እንኳ አላልኩም።

ሰውዬው ስለ ውሻው ጠባይ እየማለልኝ ሳለ መዝገቡን ሳብ አድርጌ «ገባች፣ 3፡40» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማውንም እኔው ፈረምኩላት። እናቴን ከተኛችበት ቀስቅሼ «ነይ ፈርሚ» ልበላት?

አራት ሰዓት ላይ ፊሽካው መጣ። በወረቀቴ ላይ የቀሩት በረጅሙ መንገድ የሄዱ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ፤ እያወራን እያለ እነሱም ላብ በላብ ሆነው ከተፍ አሉ።

«አጭሩስ?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው። ሁሉም ገብቷል።»

ሁለቱንም መንገድ በሰንሰለት ቆልፎ መጣና ከበሩ አጠገብ ካለው ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ የማረፊያዋን ክፍል በር ገርበብ አድርጌ አየሁ። ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ነው፤ የአልጋው መጋረጃ ተጋርዷል። ደክሟት ተኝታለች አልኩና በእግር ጣቴ ተመለስኩ። ውጭ የነበሩትን ሾፌሮች ሳይቀር «ቀስ በሉ፣ እናቴ ተኝታለች» አልኳቸው። ይቺን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ አብረን እንብላ ብዬ ገባሁና መጋረጃውን ገለጥኩ።

አልጋው እንዳነጠፍኩት ነው። ትራሱ ላይ የራስ ምልክት የለም። መጀመሪያ የገረመኝ እንጂ የደነገጥኩ አይመስለኝም፤ ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል አልኩ። ሽንት ቤት የለችም። ከመኪናው ጥላ ሥር የለችም። ተመልሼ ቦርሳዋን ከፈትኩት። የደም ግፊት መድኃኒቷ አለ። የውሃ ጠርሙሷ አለ፤ ሙሉ ነው። ከታች፣ በትንሽ መሐረብ ተጠቅልሎ፣ መነጽሯ አለ።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው በጆሮዬ የሰማሁት እንደገና የመጣልኝ። ቦርሳው ዱብ አለ፤ «መጣሁ» አለች፤ ከዚያ በሩ ገጭ ብሎ ተዘጋ። ከቃሉ በኋላ ነው የተዘጋው። የሚገባ ሰው በሩን ዘግቶ ነው «መጣሁ» የሚለው። «መጣሁ» ብሎ በሩን የሚዘጋው የሚወጣ ሰው ነው።

ቋንቋችንን ምን ልበለው! የደረሰውም «መጣሁ» ይላል፤ ለአፍታ ብቅ ብዬ ልመለስ ብሎ የሚወጣውም «መጣሁ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱ ተምታተውብኝ አያውቁም፤ ምክንያቱም የሚናገረውን ሰው ፊት አያለሁ። በዚያች ቀን ግን ፊቴ ወደ ውሻው ባለቤት ነበር። እናቴ መነጽሯን አግዳሚው ላይ የረሳች መስሏት ቦርሳዋን ጥላ፣ «መጣሁ» ብላ፣ ያለ ውሃና ያለ መነጽር ወደ በረሃው ተመልሳለች። እኔ ደግሞ «ገባች» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሰንሰለት አስቆልፌባታለሁ።

ስወጣ ምን እንደመሰልኩ አላውቅም፤ ፊሽካው ሳያናግረኝ ብድግ አለ።

«እናቴ የለችም» አልኩት።

«እንዴት የለችም? ገብተዋል አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። አልገባችም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሦስት ጠርሙስ ውሃ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ጀርባው ላይ አዘለና ሬዲዮውን ከፈተ። የኃላፊያችን ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ያ እርጋታው ያን ዕለት አንጀቴን ነው የቆረጠው።

«የጠፋው ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ማን ይላል?»

«እማዬ ይላል» አልኩ።

ከዚያ «መጣን፤ በመኪና መንገዱ በኩል እንዞራለን» አሉ።

የቴርሞሜትሩን ሰሌዳ ላለማየት ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን መስኮት ሳልቆልፍ ወጥቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት መዝገቡ እንደተከፈተ ትቼው ሮጥኩ። ሰንሰለቱን ዘልለን ገባን። ፊሽካው እየነፋ፣ እኔ «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ። ሙቀቱ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከመሬቱም ይነሣል፤ በጫማ ውስጥ ይገባል። እኔ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አፌ ደረቀ። እሷ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗታል እያልኩ አሰላሁ፤ ሳልፈልግ ነው የማሰላው፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ጫካ ደረስን። ምንጩ አለ፤ አግዳሚው አለ፤ ሰው የለም። ውሃው ዳር ያለው ጭቃ ላይ የማንም አዲስ ዱካ የለም። ምንጩ ድረስ ብትደርስ ኖሮ ጠጥታ ተቀምጣ እናገኛት ነበር። ስለዚህ እዚህ አልደረሰችም። ይህን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው የገባን፤ ፊሽካውም ፊሽካውን ከአፉ አወረደ።

«ቅድም ካለፍነው የመንገድ መገንጠያ ላይ ስተዋል» አለኝ። «ምልክቱን ማንበብ አልቻሉም። ሩቅ ያለ ዘንባባ አይተው ይሄ ነው ብለው ይሆናል።»

«ሁለተኛው ጫካ።»

«ሁለተኛው።»

ሁለተኛው ጫካ በዚህ ወር ውሃ የለውም። ውሃው መሬት ውስጥ ይሰርግና ዘንባባዎቹ በሥራቸው ብቻ ይጠጣሉ። ለጎብኚ ክፍት አይደለም። እዚያ የሚወስደው ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው፤ መንገድ ይመስላል፤ ለዚህም ነው የሚያታልለው።

በመገንጠያው አሸዋ ላይ የእግሯን ዱካ አገኘነው። ነጠብጣብ ያለው የጫማ ሶል፤ ራሴ የገዛሁላት ሰማያዊ ሸራ ጫማ። መጀመሪያ ላይ እርምጃው ሰፊ ነው፤ የቸኮለች ሴት እርምጃ፤ «መጣሁ» ብላ የወጣች ሴት። ትንሽ ወረድ ሲል ቆማለች፤ ዞራለች፤ ትንሽ ተመልሳ እንደገና ወደፊት ሄዳለች። ከዚያ በኋላ እርምጃዎቹ እያጠሩ መጡ። ከዚያ ደግሞ ጣቶቿ አሸዋውን መጎተት ጀመሩ። እኔ ፊሽካውን ወደፊት አስቀደምኩት፤ ዱካው ማለቂያው ላይ ያለውን መጀመሪያ እሱ እንዲያየው ፈለግሁ። እኔ ነኝ ያጠፋኋት እያልኩ፣ መጀመሪያ የማየቱን ዕዳ ለሰው ልጅ ሰጠሁ። ፈሪ ነኝ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰምቼ እንጂ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ልብ ምት ብቻ አይደለም። በዚያ እሳት መሃል እጄ በረደኝ። ያ ጠርሙስ የያዘው ሰውዬ ዓይኔ ላይ እየመጣ አልጠፋ አለኝ። ጸሎት የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ ግን «ፈጣሪዬ፣ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» እያልኩ ነበር የምሄደው። ምኑን አንዴ እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

የሁለተኛው ጫካ ዘንባባዎች አርጅተዋል፤ የሚቆርጣቸው የለም። የደረቀው ቅጠላቸው ከአናት እስከ መሬት ተንዠርግጎ ግንዱን እንደ ቀሚስ ይሸፍነዋል። ከቅጠሉ በስተኋላ ጨለማ ነው፤ እባብም ይወደዋል፤ ጊንጥም ይወደዋል። ፊሽካው ሦስተኛው ዘንባባ ጋ ደርሶ ቆመ። ከደረቁ ቅጠሎች ሥር አንድ ሰማያዊ ጫማ ወጣ ብሎ ይታያል። አይንቀሳቀስም።

እግሬ እንቢ አለኝ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ መሄድ አልቻልኩም። ፊሽካው ተንበርክኮ ቅጠሉን በሁለት እጁ ገለጠና ራሱን አስገባ። ምንም አላለም። ያቺ ምንም ያላለባት ጊዜ ስንት እንደቆየች ጠይቁኝ፤ አልመልስላችሁም።

«በሕይወት አሉ» አለ።

ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ላብ የሚባል ነገር የለበትም፤ ቆዳዋ ደርቆ ያቃጥላል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ ጊዜ ወሰደባት።

«ልጄ ነሽ?» አለች፤ ድምፅ አይባልም፤ ያ ሠላሳ ዓመት አገር ያገናኘው ድምፅ አልነበረም።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ዘገያችሁ እንጂ እንደምትመጡ አውቄያለሁ» አለች። «መዝገብ ላይ አለሁ። ስለዚህ አልተንቀሳቀስኩም።»

ፊሽካው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን መልሶ መሐረቧን በውሃ ማርጠብ ጀመረ። ውሃውን በትንሽ በትንሹ አጠጣናት፤ አንገቷንና ብብቷን አረጠብን፤ በቅጠል አራገብንላት። ኃላፊያችን ከሁለት ጠባቂ ጋር ቃሬዛ ይዘው በወንዙ በኩል ደረሱ። እስከ መኪናው ድረስ አራት ሰው ተሸክሟት፣ እኔ ጎን ለጎን እየሮጥኩ ፀሐዩን በካርቶን እየከለልኩላት ሄድን።

ጤና ጣቢያው ቀዝቃዛ ነው። ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ግፊቷ ተለክቶ፣ ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሌላ ነገር እናወራ ነበር፤ አሁን ግን ተርፋለች» አለኝ። ኃላፊው በኮሪደሩ ጠሩኝና «የመዝገቡን ነገር ነገ እናየዋለን፤ ለእናትሽ ዛሬ ምንም አትንገሪያቸው፤ ይረፉ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ከልቤ ነው፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

እማዬ ግን ከሰዓት በኋላ ነፍስ ዘራች፤ ነፍስ ስትዘራ ደግሞ ወሬ ጀመረች። ለነርሷ ስለ እኔ ትነግራታለች። «ልጄ ሰው ትቆጥራለች። አንድ ሰው ቢጎድል እንቅልፍ የላትም። እዚያ ተቀምጬ እንኳ አልፈራሁም፤ ‹መጣሁ› ብያት ነው የወጣሁት፤ እያወቀች እንዴት እፈራለሁ?» ነርሷም አየችኝና ፈገግ አለች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ነርሷ ስትወጣ እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ያ ፊሽካ የሚነፋው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? አራት ሰዓት ላይ መጥቶ መሰብሰብ አልነበረበትም? አንቺ ወረቀቱን ሰጥተሽው እሱ የት ተኝቶ ነው? ቆይ፣ ለአለቃችሁ ሳልናገር አልቀርም። ሰው ሊገድል!»

ያኔ ነው ያልቻልኩት። በዚያ ሙቀት ያዘለውን ውሃ አስታወስኩ፤ ቅጠሉን የገለጠበትን እጁን አስታወስኩ።

«እማዬ፣ እሱ አላጠፋም። በወረቀቱ ላይ አልነበርሽም።»

«እንዴት?»

«‹መጣሁ› ስትይ የገባሽ መሰለኝ። ‹ገባች› ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩልሽ። የተኛሽ መስሎኝ እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልፈለገሽም።»

ጣሪያውን አየች። እንድትቆጣኝ ፈለግሁ፤ ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። አልተቆጣችም።

«እዚያ ተቀምጬ ስቆጥር ነበር» አለች ቆይታ። «‹አሁን መዝገቡን አየች። አሁን ፊሽካው ተነሣ። አሁን መገንጠያው ጋ ደረሱ።› አንዴ ቆጥሬ ጨረስኩና ‹ዘገየ፣ ምናልባት ሰው በዝቶባቸው ነው› ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንዲያ እያልኩ ነው የቆየሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «ያን ጊዜ ማንም አልተነሣም ነበር?»

«አልተነሣም ነበር።»

ልትስቅ የፈለገች መሰለኝ፤ አገጯ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ እጇ፤ የግሉኮሱ ቱቦ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ የብረት አልጋው ግድግዳውን ይመታ ጀመር። በዚያ ዛፍ ሥር፣ ጊንጥና እባብ መሃል፣ አፏ ደርቆ ያልፈራችው እናቴ፣ በነጭ አንሶላ ውስጥ፣ ከሞት ተርፋ፣ ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ላይ ፈራችው። ነርሷ ድምፁን ሰምታ ሮጣ ገባች።

«በረዳቸው እንዴ?» አለችኝ።

«አልበረዳትም» አልኩ። «ፈርታ ነው።»

ነርሷ ለማንኛውም ብርድ ልብስ ደረበችላት። እኔም መርፌ ያልተሰካበትን እጇን ያዝኩት። አልከለከለችኝም፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ዓይኗ ግን እኔን አይመለከትም ነበር፤ የሚገባ ሰው እንዳለ ለማየት በሩ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።